ውሃ መሀል ቆሞ መጠማት

የቤኒሻንጉል ወርቅ ስንቱን አስጎምጅቷል! የግብጹ መሐመድ አሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጦሩን ወደዚያ አቅጣጫ የላከው አንድም ወርቅ ፍለጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897–98 የራስ መኮንን ጦር አካባቢውን ካስገበረ በኋላም የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር።

ወርቅ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ከሰል፣ ወናፍና የአንጥረኛ ትዕግሥት ይበቁታል። ስለዚህ አያቶቻችን ወርቅን ቆፍረው ብቻ አልተዉትም፤ ቀለበትና ጉትቻም ሠርተውበታል።

ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ለወናፍ ስለማይበገር ሌላ ሀብታችን ነው፤ ስለ ታንታለም። ብረት በ1,538 ዲግሪ ሲቀልጥ እሱ 3,017 ድረስ ይታገሣል። እንደ ተንግስተን፣ ሞሊብዲነም፣ ሬኒየምና ኒዮቢየም ሁሉ እሳት ከማይደፍራቸው ወገን ነው።

እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። እሳቱን ቢችልም በጋለ አየር ውስጥ ኦክስጅን ይበላዋል። መሐንዲሶች መላውን በቅይጥ አገኙት። በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ እሳት ፊት የሚሽከረከሩት አንዳንዶቹ ምላጮች ከኒኬል ቅይጥ ይሠራሉ፤ በቅይጡ ውስጥ ከመቶ ስድስት ሰባት እጅ ያህሉ ታንታለም ነው። ወንድሙ ኒዮቢየም ደግሞ ከሀፍኒየም ጋር ተቀይጦ የአፖሎ መንኮራኩር ሞተር አፈሙዝ ሆኗል። በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥም ታንታለም አይጠፋም።

የኛው ታንታለም ያለው ጉጂ ምድር፣ ቀንጢቻ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየተቆፈረ፣ እየታጠበና በጆንያ እየታሸገ ውጭ ሲላክ ኖሯል። ጥሬውን ልከን በሺህ ብር ስልክ እንገዛለን ማለት ነው።

ስዊድናዊው ኤክበርግ እ.ኤ.አ. በ1802 ይህን ማዕድን ሲያገኝ ስሙን ከግሪኮች ተረት ተዋሰ። ታንታሎስ ውሃ መሀል ቆሞ ሊጠጣ ሲያጎነብስ ውሃው ይሸሸዋል። ማዕድኑም አሲድ ውስጥ ተነክሮ ከአሲዱ ምንም አይወስድም ነበርና። ኤክበርግ ስለ እኛ የተነበየ አይመስላችሁም?

ታንታለምን ከኒዮቢየም በኬሚካል መለየት፣ ከዚያም አየር በሌለበት እቶን በኤሌክትሮን ጨረር ማቅለጥ ዕውቀትና ብዙ መብራት ይፈልጋል። መብራቱስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 እዚያው ወርቁ አገር፣ ጉባ ላይ፣ በሕዳሴው ግድብ ተመርቋል። እሳቱ ካለ የቀረው ወናፉን የሚይዝ አንጥረኛ ነው። የዘመኑ አንጥረኛ ደግሞ የሚወጣው ከላብራቶሪ ነው፤ አንጥረኛን "ቀጥቃጭ" እያልን መናቁንም በዚያው ብንተወው ምን ይለናል?