መሣሪያው ጦር ሰፈር ሲያድር

በእስራኤል አርብ አርብ አውቶቡስ ጣቢያዎች በወጣት ወታደሮች ይጨናነቃሉ። ሰንበትን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ የሚጣደፉ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆችም ከመካከላቸው አሉ። ለረጅም ዓመታት ብዙዎቹ በአንድ ትከሻ ቦርሳ፣ በሌላው ጠመንጃ አንግተው ነበር ቤት የሚገቡት። እናት ልብሱን ታጥባለች፣ ምግቡን ታቀርባለች፤ ጠመንጃውም እዚያው ቤት ያድራል።

ይህ ልማድ የሠራዊቱን የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አሳሰባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 በየዓመቱ በአማካይ 28 ወታደሮች ራሳቸውን አጥፍተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት በጦር መሣሪያ ነበር፤ ጥቂት የማይባሉትም በሰንበት ዕረፍት፣ በቤታቸው።

በ2006 ሠራዊቱ መመሪያውን ቀየረ፤ ብዙ ወታደሮች ለዕረፍት ሲወጡ መሣሪያቸውን ጦር ሰፈር ትተው እንዲሄዱ ተደረገ። በ2007 እና በ2008 የዓመቱ አማካይ ወደ 16.5 ወረደ፤ 40 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ የቀነሰው የሰንበቱ ሞት መሆኑ ነው። በሥራ ቀናት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ በሰንበት የተረፉት ልጆች በሌላ ቀን አልሞቱም። «የቆረጠ ሰው መንገድ አያጣም» የሚለው የብዙዎች እምነት እዚህ ላይ ከማስረጃ ጋር ተጋጨ።

ምክንያቱን ሐኪሞች ያውቁታል። የመሞት ሐሳብ ብዙውን ጊዜ እንደ ማዕበል መጥቶ የሚያልፍ ነው። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ከተረፈ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል ከዚያ በኋላ ራሱን በማጥፋት አይሞትም። ማዕበሉ እስኪያልፍ ግን በሰውየውና በመሣሪያው መካከል ርቀት ያስፈልጋል።

የእስራኤል ሠራዊት መመሪያውን ከቀየረ ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ የአንድ መሣሪያ ነጋዴን እንቅልፍ ነሳ። ራልፍ ዴሚኮ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በሁክሴት ከተማ የመሣሪያ መሸጫ ሱቅ ነበረው። በ2009 አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ከሱቁ መሣሪያ ገዝተው በሰዓታት ውስጥ ሕይወታቸውን እንዳጠፉ ሰማ። ነገሩን ሸፋፍኖ አላለፈውም። ኢሌን ፍራንክና የሃርቫርዷ ካትሪን ባርበርን ከመሰሉ የጤና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጦ መከረ። ሻጮች በጭንቅ ውስጥ ያለን ገዢ እንዴት እንደሚለዩ የሚያስረዱ ጽሑፎችና ለደንበኞች የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ተዘጋጁ። ከወራት በኋላ ሲታይ፣ በግዛቱ ካሉት ሱቆች ግማሽ ያህሉ ግድግዳቸው ላይ ለጥፈዋቸው ተገኙ። መሣሪያን የሚወድ ሰው ለመሣሪያ ወዳዶች ስለተናገረ ሰሚ አገኘ።

በሕክምና ክፍል ውስጥ ግን መንገዱ አባጣ ጎርባጣ ነበር። በ2011 የፍሎሪዳ ግዛት ሐኪሞች ታካሚን ስለ መሣሪያ እንዳይጠይቁ የሚገድብ ሕግ አወጣ። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሕጉን ዋና ዋና ክፍሎች የሻረው በየካቲት 2017 ሲሆን፣ ምክንያቱም የሐኪሙን የመናገር ነጻነት የሚጥሱ መሆናቸው ነው።

ዛሬ ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው ሥልጠና ከእነዚህ ታሪኮች የተማረ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የሰውየውን ጭንቀት ያዳምጣል፤ ቀጥሎም የመሞት ሐሳብ መጥቶበት እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃል። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም። ከዚያ ስለ መሣሪያው ያነሳል፣ በፍርድ ቃና ሳይሆን በምክክር። ሕጉ ከፈቀደ መሣሪያው ለጊዜው ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ይቀመጣል፤ ካልሆነም ካዝና ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ጥይቱ ለብቻው ይሆናል፣ ቁልፉን ሌላ ሰው ይይዛል። ጠመንጃ የአባት አደራና የክብር ምልክት በሆነበት አካባቢ ላደገ ሰው «ለጊዜው» የምትለው ቃል ትልቅ ነገር ናት፤ ንብረቱን የሚነጥቀው እንደሌለ ትነግረዋለች። በአሜሪካ የሚኖር ሰው ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በ988 ደውሎ በማንኛውም ሰዓት የሚያናግረው ያገኛል።

በእስራኤልም እሑድ ጠዋት አውቶቡሶቹ እንደገና ይሞላሉ። ወታደሩ የታጠበ ልብሱን በቦርሳ ይዞ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ መመሪያው በተቀየረባቸው በእነዚያ ዓመታት ጠመንጃውም እዚያው በተወበት ይጠብቀው ነበር።