ላጎን የት ነው?
የአብራም ጋኒባል ማመልከቻ፣ 1742 እ.ኤ.አ. (ቅጂ)

ማመልከቻው ለሩሲያዋ ንግሥት ለኤልሳቤጥ የቀረበ ነው። አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል የመኳንንትነት ማስረጃና አርማ እንዲሰጠው ሲጠይቅ፣ የተወለደው በአፍሪካ፣ አባቱ በሚገዛው ላጎን በተባለ ከተማ እንደሆነ ይገልጻል። ከአፍሪካ በቀር አገር አልጠቀሰም። ማዕረግ የሚለምን ሰው አባቱን ከፍ ቢያደርግ አይገርምም፤ የከተማው ስም ግን ለማጋነን የሚጠቅም አይመስልም።

ባለቅኔው አሌክሳንደር ፑሽኪን የቅድመ አያቱን የአብራምን ሕይወት ያሰባሰበው ከአያቱ ወንድም ከፒዮትር ትረካና፣ አብራም ከሞተ በኋላ አማቹ በጀርመንኛ ከጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው። ያ ጽሑፍ ትውልዱን ከአቢሲኒያ ይመዝዛል። ፑሽኪን በ1827 ስለ ቅድመ አያቱ ልብ ወለድ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ።

በ1899 ሩሲያዊው ምሁር ዲሚትሪ አኑቺን ላጎንን በሰሜን አቢሲኒያ፣ ሐማሴን ውስጥ ፈለገው። በ1990ዎቹ ደግሞ የቤኒኑ ተመራማሪ ዲዮዶኔ ኛማንኩ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ካሜሩን ከምትገኘው ሎጎን ቢርኒ ጋር አገናኘው፤ በስሙ ቅርበት ሲታይ ይህኛው ያመዝናል።