ዓሣን ማን አረደው አይሉም

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ምሳ ልጋብዝ ሲል መጀመሪያ የሚያሰላው ዋጋውን አይደለም፤ ሥጋውን ነው። የክርስቲያን ነው የሙስሊም? ሥጋ ቤቱ በር ላይ ወይ መስቀል ወይ ጨረቃ ተስሎ ታያላችሁ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አንዱ «በስመ አብ»፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ብሎ ያረደውን ነው የሚበላው። በአገራችን የሌላውን ሃይማኖት ሥጋ መብላት ለብዙ ዘመን ሃይማኖት ከመቀየር እኩል ሲቆጠር ኖሯል።

የእኛ ቤት ጉዳይም ከዚህ ይጀምራል። እህቴ ከዓመታት በፊት አግብታ ሰለመች። ጠብ አልነበረም፤ ድሬ ነው አቦ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጋብቶ የሚኖርበት አገር። ግን ያደገችበትን የእናቴን ዶሮ ወጥ ከዚያ ወዲህ ቀምሳ አታውቅም። እናቴም እህቴ ቤት ሄዳ ቡና ትጠጣለች፣ ሙዝ ትልጣለች፣ የልጅ ልጆቿን ታዝላለች። እህል ግን የለም። «ድስቱ ሥጋ የነካው ነው» ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ማንም እንዳይከፋው። በሠርጉም ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ወጥ ቤት ነበረ። ተሳስቀን ተለያይተን በላን።

ባለፈው ጥር ስድስታችን በባቡር ጅቡቲ ሄድን። እናቴ፣ እህቴ፣ ባሏ፣ የሦስትና የሰባት ዓመት ልጆቻቸው፣ እኔ። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። ጥርን የመረጥነው ሙቀቱን ፈርተን ነው፤ በበጋቸው ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው የምትነደው። ጾም እንዳይገጥመንም ጭምር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር የሚያውቅ ቤተሰብ በዚያ ሰሞን ምግብ ቤት አይፈልግም።

ምግብ ቤት የመፈለጉ ሥራ የእኔ ሆነ። ስልኬ ላይ የሚመጡልኝ ሁሉ ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው፤ ፎቶው ላይ ሽሪምፕና ሸርጣን ተከምሮ። ለእናቴ አሳየኋት። «ይኼ ተባይ ነው» አለችኝ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ይከለክላል፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንን ትጠብቃለች። ጣና ዳር አምባዛን የማይበላው ሰው ምክንያቱም ይኸው ነው። የሥጋ ቤቶቹ ደግሞ ሁሉም የሙስሊም ናቸው። ልጆቹ ሚጥሚጣ አይችሉም፣ ትንሹ ወንበር ላይ አይረጋም፣ እህቴ ጫት የሚቃምበት ቤት አልገባም አለች። በእነዚህ ሁሉ ስናጣራ የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ የየመኖች ዓሣ።

ስለዚህ ዓሣ መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው። አያቴ ሽሚኖ ነበር። የምድር ባቡርን ሠራተኛ ድሬ በፈረንሳይኛው እንዲህ ነው የምትጠራው። ጅቡቲ ሲደርሱ እሱና ሶማሌው ጓደኛው ከአንድ ሰሃን ዓሣ ይበሉ ነበር። ድሬ ሲመለሱ ግን አንዱ ወደ ከዚራ፣ ሌላው ወደ መጋላ፣ እያንዳንዱ ወደየራሱ ሥጋ። እናቴ በልጅነቷ ይህንን ስትሰማ አባቷ የሚቀልድ ይመስላት ነበር።

አልቀለደም። ታሪኩን ላሳጥርላችሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል ያዙ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው የጅቡቲ ዳርቻ ግን ለመርከብም ለቅፍለትም ይመች ነበርና በ1890ዎቹ ማዕከላቸውን ወደዚያ አዛወሩ። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ሰጡ። በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ፤ ተራራውን መውጣት ስላቃተው እዚያው ቆመ፤ ድሬዳዋ ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እኛ ድሬዎች ራሳችን ባቡሩ ተራራ ስላልቻለ የተፈጠርን ነን። ይኼን መናገር ደስ ይለኛል።

ወደብና ሐዲድ ሰው ይፈልጋል። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የመኖች ተሻግረው መጡ። ቀን ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ መርከበኛ፣ ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። ሐዲዱን ተከትለው የወጡት በየከተማችን «ዓረብ ቤት» የምንለውን ሱቅ ከፈቱ። እዚያው የቀሩት ምድጃቸውን ተከሉ። ምድጃው ተኑር ይባላል፤ ጥልቅ የሸክላ ጋን መሳይ ነገር ነው፣ እሳቱ ከታች። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ እንደ መጽሐፍ ተዘርግቶ፣ በርበሬ ተቀብቶ ይገባል። ቂጣውም እዚያው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይበስላል። አጠገቡ ሙዝ ወይም ቴምር ከማር ጋር ተፈጭቶ ይቀርባል። ምጽዋን በኢትዮጵያነቷ ዘመን ያዩ ሰዎችም ስለዚሁ ዓሣ ነው የሚያወሩት፤ የቀይ ባሕር ዳርቻ ሁሉ የሚጋራው ነው። የየመን ጦርነት በ2015 ሲብስ ያው ባሕር እንደገና ሰው አሻገረ፤ ያን ጊዜ ግን ብዙዎቹ ያረፉት ኦቦክ፣ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ምድጃው አይደለም። ዓሣ አይታረድም። በእስልምናም ያለ መታረድ ሐላል ነው፤ በእኛም ቅርፊቱ ይታያል እንጂ ማን ባረከው አይባልም። ደገኛና ሶማሌ፣ አፋርና ዓረብ ተቀላቅሎ በሚሠራበት ወደብ ሁሉም አንድ ሰሃን ላይ እጁን ሊያሳርፍበት የሚችል ምግብ ይኸው ነበር። አያቴና ጓደኛው ፈላስፎች ስለነበሩ አይደለም አብረው የበሉት። ርቧቸው ነው፣ የቀረበውም ዓሣ ነው።

ዛሬ የእኛ ትውልድ ስለ ባሕር ሲያወራ ወደብና ኮንቴይነር ብቻ ነው የሚታየው። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ንግዳችን በጅቡቲ በኩል ያልፋልና አይፈረድብንም። ምሳ ግን ማንም አስቦት አያውቅም።

ወደ ምሳው ልመለስ። ከምኒልክ አደባባይ (ዛሬ ስሙ የነጻነታቸው ቀን ሆኗል፣ የ1977ቱ ሰኔ 27፤ ሰው ግን አሁንም ምኒልክ ነው የሚለው) ብዙም ሳንርቅ አንድ ቤት አገኘን። የእህቴ ባል በሶማሊኛ ጠየቀ፤ ለቤተሰብ በመጋረጃ የተለየች ክፍል አለች ተባልን። ሹካ የለም፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተነጥፏል፣ መታጠቢያው በር ላይ ነው። ትንሹ ልጅ ገና ከመግባቱ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ማንም አልተቆጣውም።

እናቴ አልተቀመጠችም። «ሳይበስል አሳዩኝ» አለች። አስተናጋጁ አማርኛ ይሰማል፤ ስቆ ወደ በረዶው ሳጥን ወሰዳት። አንዱን ቀይ ዓሣ አንስቶ ሰጣት። በጥፍሯ ፋቀችው። ቅርፊቱ እየተላቀቀ መዳፏ ላይ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ለአማቿ ዘርግታ አሳየችው፣ እሱ የጠየቃት ይመስል። «ይኼን» አለች።

በርበሬው ለልጆቹ እንዲቀነስ ነግረን ሁለት አስጋገርን። ሲመጣ ከእኛ ሰሃን ይሰፋል፣ ጠርዙ ጠቁሯል፣ ሽታው ክፍሏን ሞላት። እህቴ ቂጣውን ቆርሳ በየፊታችን አደረገች። እናቴ አማተበች፣ አማቿ ቢስሚላህ አለ፣ ከአንዱ ሰሃን ጀመርን። እናቴ እሾሁን እየለቀመች ለትንሹ፣ ከዚያ ለትልቁ፣ ከዚያ በልማድ ለእህቴ አጎረሰች። እህቴ ጎርሳ ወደ መጋረጃው ዞረች። በርበሬው ነው አለች፤ በርበሬ ግን አላስጨመርንም ነበር።

ማንም ምንም አላለም። የሙዙን ማር ልጆቹ ጨረሱት።

ማታ ወደ ማረፊያችን ስንሄድ እናቴ ስለ ምድጃው ጠየቀች። ድሬ ውስጥ ይኼን የሚሠራ ሰው የለም ወይ? ድሬ አንቱታ አያውቅም፤ አማቿ «እኔ እሠራልሻለሁ እማዬ፣ ሸክላውን ከሐረር አመጣለሁ፣ ጓሯችን ሰፊ ነው» አላት።

ጓሯችን ማለት የእህቴ ጓሮ ነው። እናቴ ጥቂት እርምጃ ሄደች።

«ሥጋ ካልገባበት» አለች።

«አይገባበትም።»

«ቅርፊቱንም እኔ ነኝ የማየው።»