በረዶው የማን ነው? ከክሊፕታውን እስከ አንታርክቲካ

ሰኔ 18 እና 19 ቀን 1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1955) ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ክሊፕታውን፣ በአንድ ገላጣ ሜዳ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተወካዮች ተሰበሰቡ። ስብሰባው «የሕዝብ ጉባኤ» ይባላል፤ ያጸደቀው ሰነድ ደግሞ የነጻነት ቻርተር። እገዳ የተጣለበት ኔልሰን ማንዴላ ከዳር ሆኖ ተመለከተ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ሜዳውን ከበበ፤ ወረቀት ሰበሰበ፤ የተሰብሳቢውን ስም መዘገበ። የቻርተሩ መነሻ ሐሳብ ግን አልተወረሰም፤ አገር የሚኖርባት ሁሉ ናት እንጂ የአንድ ዘር ርስት አይደለችም የሚል ነው።

ይህ መለኪያ ሰው በሚኖርበት ምድር ላይ ግልጽ ነው። ሰው በማይኖርበትስ? ከኬፕታውን ወደብ ተነስቶ ባሕሩን ወደ ደቡብ የተሻገረ መርከብ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በአንታርክቲካ ወዳለው የደቡብ አፍሪካ የምርምር ጣቢያ አቅጣጫ ይደርሳል። አህጉሩ ነባር ሕዝብ የለውም። ዛሬ በትንሽ ጀልባ የበረዶ ተራራና ፔንግዊን ሊያይ የሚሄደው ቱሪስት የሚገባበት ምድር፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ምድር ነው።

ከክሊፕታውኑ ጉባኤ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ 12 አገሮች በዋሽንግተን የአንታርክቲካን ውል ፈረሙ። ከአፍሪካ የፈረመችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች፤ የፈረመውም የአፓርታይድ መንግሥት ነው። ውሉ የይገባኛል ጥያቄዎችን ባሉበት አቆመ፤ ወታደራዊ እንቅስቃሴን ከለከለ፤ አህጉሩን ለሳይንስ ክፍት አደረገ። በውሳኔ ድምፅ ለማግኘት ግን በዚያ ከፍ ያለ ምርምር ማካሄድ ያስፈልጋል። መርከብና ጣቢያ ያለው ይወስናል፤ የሌለው ይሰማል።

በዚህ ላይ ድምፁን ካሰሙት መድረኮች አንዱ አዲስ አበባ ነበር። በሐምሌ 1977 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በከተማዋ ባካሄደው 42ኛ መደበኛ ስብሰባ አንታርክቲካ የሰው ልጆች የጋራ ቅርስ ናት ሲል ወሰነ። ዓመቱ የ77ቱ ረሃብ ዓመት ነው። ወሎና ትግራይ ሰው በሚያልቅበት ወቅት ስለ ደቡብ ዋልታ በረዶ መነጋገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ያኔ ግን የውሉ አባላት የማዕድን ማውጫ ደንብ እየተደራደሩ ነበር፤ በበረዶው ሥር አለ የሚባለው ሀብት በጥቂቶች እንዳይከፋፈል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአፓርታይድ መንግሥት ከውሉ ስብሰባዎች እንዲወጣ ጠየቀ። አልወጣም።

መልሱ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የማዕድኑ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1988 ቢጸድቅም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ1991 በማድሪድ የተፈረመው ፕሮቶኮል ማዕድን ማውጣትን ከለከለ። አዲስ አበባ «የሁሉም ናት» ብላ ነበር፤ ማድሪድ ደግሞ «ማንም አይቆፍራት» አለች። ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ድርሻ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጥበቃ።

ጥበቃው ለሳይንቲስቱና ለቱሪስቱ በሩን አልዘጋም። የዋልታ ጉብኝትን በዘመናዊ መልኩ የጀመረው ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ ነው፤ በ1966 ተጓዦችን ወደ አንታርክቲካ ወሰደ፤ በ1969 ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተሠራ መርከብ አሰማራ። በዚያ ዘመን የክሊፕታውን ጥቁር ነዋሪ በገዛ ከተማው ለመንቀሳቀስ የይለፍ ደብተር መያዝ ነበረበት።

መርከቡ የማይደርስበትን ጀልባው ይደርሳል። ዞዲያክ የሚባለው በአየር የተነፋ የጎማ ጀልባ አሥር ያህል ሰው ይይዛል፤ ተሳፋሪው ጠርዙ ላይ ይቀመጣል፤ ነጂው ከኋላ ሆኖ ሞተሩን ይመራል። ዓይን ለውኃው ቅርብ ስለሆነ የበረዶው ተራራ ከመርከብ ፎቅ እንደሚታየው አይደለም፤ ሰማያዊ ስንጥቁ ይለያል፤ በሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ታምቆ የኖረው አየር ሲወጣ ሲንጣጣ ይሰማል። ከተራራው አሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከውኃ በታች ነው። ሲቀልጥ ሚዛኑ ተዛብቶ ድንገት ሊገለበጥ ስለሚችል ነጂው ራቅ ብሎ ይዞረዋል። ፔንግዊኖች ከውኃው እየዘለሉ ያልፋሉ፤ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ በበረዶ ሰሌዳ ላይ ተጋድሞ ያንቀላፋል፤ አንዳንዴም የዓሣ ነባሪ ጀርባ ብቅ ይላል።

ደንቡ ጥብቅ ነው። በአንድ ስፍራ ከ100 በላይ ሰው አይወርድም፤ ጫማ በመድኃኒት ይታጠባል፤ ከፔንግዊን አምስት ሜትር መራቅ ግድ ነው፤ ፔንግዊኑ መንገድ ካቋረጠ ሰው ቆሞ ያሳልፈዋል። በክሊፕታውን መለኪያ ከተሄደ፣ እዚያ የሚኖረው እርሱ ነው።

ይሁንና በ2022 እና 2023 የጉብኝት ወቅት ከ100,000 በላይ ሰው ወደዚያ ሄዷል፤ ለአንዱ ጉዞ የሚከፈለው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ክሊፕታውን ውስጥ ደግሞ ቻርተሩ ከጸደቀበት አደባባይ አጠገብ ዛሬም በጋራ ቧንቧ የሚቀዱ የቆርቆሮ ቤቶች አሉ። በሶዌቶ ሰፈሮች ሱቅ ከፍተው የሚያድሩ ኢትዮጵያውያንም አህጉሩን አቋርጠው ወደ ደቡብ የመጡ ናቸው፤ አገር የሚኖርባት ሁሉ ናት የሚለው ቃል ሱቃቸው በተዘረፈ ቁጥር ይፈተናል። መርከቦቹ ከሚነሱበት ኬፕታውን ለመድረስ ለእነርሱ የቀረው 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማየት ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም።

አዲስ አበባ በ1977 ዓ.ም. ያነሳችው ጥያቄ ስለ ማዕድን ብቻ ነበር ብሎ መዝጋት ስህተት ይሆናል። ዛሬም ከአፍሪካ በውሉ ድምፅ ያላት ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፤ አሁን የምትወከለው ግን ክሊፕታውን ሜዳ ላይ የተሰበሰቡት በጠየቁት ዓይነት ምርጫ በቆመ መንግሥት ነው። በጋራ ቅርስነት ስም የተጠበቀን ነገር ማን እንደሚያየው፣ ማን እንደሚወስንበት መጠየቅ ጥበቃውን አያፈርስም። ቅርሱ በእርግጥ የጋራ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው።