የዚምባብዌ የድንጋይ ወፎች፤ አሰባሰባቸውና አመላለሳቸው

ወፍን በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በብረትና በቀለም መቅረጽ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። እነዚህን ቅርጾች ከየአገሩ እየለቀሙ በመኖሪያ ቤትና በቤተ መዘክር ማኖርም በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ ባለጸጎችና ሊቃውንት ዘንድ እንደ ክብር የሚቈጠር ሥራ ሆኖ ነበር። ሰብሳቢ ዘወትር የሚያየው የቅርጹን ውበት ነው፤ ለታሪክ መርማሪ ግን ቅርጹ የቆመበት ስፍራ ከቅርጹ የማያንስ ምስክር ነው። የእነዚህ የሁለቱ አስተያየቶች ልዩነት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ከታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ በተወሰዱት የድንጋይ ወፎች ታሪክ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ታላቋ ዚምባብዌ የምትገኘው በዛሬው የዚምባብዌ ሪፑብሊክ ውስጥ በማስቪንጎ ከተማ አጠገብ ነው። ይህችን ከተማ ከ11ኛው እስከ 15ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ የገነቧት የሾና ሕዝብ አባቶች ናቸው። ግንቦቿ ግራኒት ከተባለው ጠንካራ ድንጋይ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተደርድረው የተሠሩ ሲሆኑ፣ የታላቁ ቅጥር ከፍታ እስከ 11 ሜትር፣ የዙሪያውም ርዝመት ወደ 250 ሜትር ይደርሳል። የከተማይቱ ሀብት በከብትና በወርቅ ንግድ የተመሠረተ ነበር፤ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር በነበሩት ወደቦች በኩል ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ የቻይና ሸክላ በፍርስራሹ ውስጥ መገኘቱ ይህንኑ ያስረዳል።

የድንጋይ ወፎቹ ቍጥር ስምንት ያህል ነው። የተጠረቡትም ሲዳስሱት እንደ ሳሙና ከሚለሰልስ ድንጋይ ነው። የእያንዳንዱ ወፍ ቁመት ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ወፉና የቆመበት ረዥም ዐምድ ከአንድ ድንጋይ የወጡ ናቸው። አብዛኞቹ የተገኙት በኮረብታው ላይ በስተ ምሥራቅ ባለው ቅጥር ውስጥ ነው። መልካቸው የንስር ወገን ይመስላል፤ ነገር ግን ጠራቢው የተፈጥሮን ወፍ ብቻ ለመምሰል አልደከመም። ከመካከላቸው በመንቁር ፈንታ የሰው ከንፈር የሚመስል አፍ፣ በጥፍር ፈንታም የሰው እግር ጣቶችን የሚመስሉ ጣቶች ያሏቸው ይገኛሉ። በአንደኛውም ዐምድ ላይ ወደ ወፉ የሚወጣ አዞ ተቀርጿል።

ከአውሮፓውያን መካከል ስለ ፍርስራሹ በስፋት እንዲወራ ያደረገው በ1871 ወደ ስፍራው የደረሰው ጀርመናዊው ካርል ማውኽ ነው። ማውኽ ከአንድ በር ላይ የእንጨት ስባሪ ወስዶ ሽታውን በእጁ ከነበረው እርሳስ እንጨት ጋር አስተያየና የሊባኖስ ዝግባ ነው ብሎ ገመተ፤ ከዚህም ተነሥቶ ሕንፃው የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት አምሳያ መሆን አለበት ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። የዚህች ንግሥት ስም በኢትዮጵያ የተጻፈ ትውፊትና የታወቀ ስፍራ ያለው ነው፤ በዚያ ግን ስሟ የተጠራው በእንጨት ሽታ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ወሬው ብዙ አዳኞችንና ነጋዴዎችን ወደ ስፍራው ሳበ።

ከእነርሱም አንዱ ቪሊ ፖሰልት የተባለው አዳኝ ነው። ፖሰልት በ1889 ወደ ኮረብታው የወጣው ስፍራው የተቀደሰ እንደ ሆነ ተነግሮት ሳለ ነው። እርሱ ራሱ ኋላ እንደ ጻፈው፣ ወፎቹ በአንድ ቅጥር መካከል መሠዊያ በሚመስል ነገር ዙሪያ በመሬት ውስጥ ተተክለው ቆመው ነበር። የሌሎቹ መንቁር ስለ ተሰበረ ይበልጥ ያማረውን መርጦ መቈፈር ሲጀምር፣ የአገሬው ሰዎች ጠመንጃና ጦር ይዘው በቍጣ ተነሡ። እርሱ ግን አገልጋዩን ጠመንጃ አጕርሶ እንዲጠብቀው አዝዞ ሥራውን ቀጠለ፤ በመጨረሻም ብርድ ልብስና ሌላ ጥቂት ዕቃ ሰጥቶ ወፉን ወሰደ። ድንጋዩ በሙሉ ለመጓጓዝ ስለ ከበደው ወፉን ከዐምዱ ቈርጦ ለየው፤ ዐምዱንም ሌላ ጊዜ ሊመለስበት ደብቆ ተወው። ስለ ወፎቹ አቋም ከቀሩት ጥቂት የዐይን ምስክሮች አንዱ ያን አቋም ያፈረሰው የዚህ ሰው ጽሑፍ መሆኑ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው።

ፖሰልት ወፉን ለሴሲል ሮድስ ሸጠው። ሮድስም በኬፕ ታውን በነበረው ግሩት ስኹር በተባለው ቤቱ መጻሕፍት ክፍል አኖረው፤ በደረጃው ላይም ከእንጨት የተሠሩ አምሳያዎቹን አስቀመጠ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አቅራቢያ ለነበረው ርስቱ በር ደግሞ ከዋናው ሦስት እጥፍ የሚበልጡ የድንጋይ አምሳያዎች አሠራ። ስለዚህ በ1889 ከሾና ሕዝብ መቅደስ የወጣው ወፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአንድ ባለጸጋ ቤት ጌጥ ሆነ። ለሮድስ ግን ወፉ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ ከሰሜን የመጣ የሠለጠነ ሕዝብ ያን አገር ይገዛ ነበር የሚለውን ሐሳብ የሚደግፍ መስሎ ይታየው ነበር። እንዲህ ያለው ሐሳብ አገሩን ለመያዝ ለተነሣው ኩባንያ የሚመች ነበር።

በ1891 ቴዎዶር ቤንት የተባለው እንግሊዛዊ በዚሁ በሮድስ ኩባንያና በእንግሊዝ የምርምር ማኅበራት ርዳታ ቍፋሮ አካሄደ፤ ከወፎቹም መካከል ወደ ኬፕ ታውን ቤተ መዘክር የተወሰዱ አሉ። በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ ሕንፃው ከዐረብ ምድር የመጣ ጥንታዊ ሕዝብ ሥራ ነው አለ፤ ወፎቹንም ከምሥራቅ ጥንታውያን አማልክት አምልኮ ጋር አያያዘ። ይኸው ሰው በ1893 ወደ አክሱም መጥቶ የድንጋይ ጽሑፎችን በእርጥብ ወረቀት እየተጫነ ገልብጧል። ሁለቱን ጕዞዎች ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በየሓና በአካባቢው በሳባ ፊደል የተጻፉ ድንጋዮች በእርግጥ ይገኛሉና ስለ ደቡብ ዐረብ ግንኙነት መናገር መሠረት ነበረው፤ በዚምባብዌ ግን ይህን የሚመሰክር አንድም ጽሑፍ አልተገኘም። በአክሱም የተወሰደው ቅጂ ስለ ሆነ ድንጋዩ ከነጽሑፉ በስፍራው ቀርቶ ለኋላ መርማሪ ፍርዱን ማረም ቻለ፤ በዚምባብዌ ግን የተወሰደው ራሱ ምስክሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥፋቱ በረታ። በ1895 የተቋቋመ አንድ ኩባንያ ከታላቋ ዚምባብዌ በቀር በሌሎች ፍርስራሾች ወርቅ እንዲፈልግ ተፈቀደለት፤ የተገኙት ጌጦችም ብዙዎቹ ቀልጠው ጠፉ። በ1902 ፍርስራሾቹን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ዳሩ ግን ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ሪቻርድ ሆል ጥንታዊውን ሕንፃ አጠራለሁ ሲል የአገሬው ሰዎች የኖሩበትን የአፈር ድርብርብ አስጠርጎ አስጣለ። አዞ የተቀረጸበትን ወፍ በ1903 በሸለቆው ውስጥ ያገኘው እርሱ ነው፤ የዘመኑንና የሠሪዎቹን ማስረጃ የያዘውን አፈር ያጠፋውም እርሱ ነው።

በ1905 ዴቪድ ራንዳል ማክአይቨር፣ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ካተን ቶምፕሰን የቀረውን አፈር በጥንቃቄ መርምረው ከተማይቱ የመካከለኛው ዘመን ሥራ፣ ሠሪዎቿም አፍሪቃውያን መሆናቸውን አስረዱ። ቢሆንም የሮዴሺያ መንግሥት ይህን እውነት መቀበል ከብዶት ቆየ። የቅርሶች ተቈጣጣሪ የነበረው ፒተር ጋርሌክ በዚሁ ምክንያት በደረሰበት ግፊት በ1970 አገሩን ለቆ ሄደ።

ስለ ወፎቹ ትርጕም ሊቃውንት የሾናን እምነት መሠረት አድርገው ይናገራሉ። በሾና ዘንድ ሁንግዌ የሚባለው ዓሣ አዳኝ ንስር የአንድ ነገድ መለያ ነው፤ ቻፑንጉ የሚባለው ሌላው ንስር ደግሞ ከሙታን አባቶች መልእክት የሚያመጣ ተደርጎ ይከበራል። ስለዚህ ከንፈርና የሰው ጣት ያላቸው ወፎች በሕያዋንና በሙታን ነገሥታት መካከል የሚቆሙ መልእክተኞች፣ ወይም ነገሥታቱ ራሳቸው በወፍ አምሳል የታዩበት ቅርጽ ናቸው የሚል አስተያየት አለ። ነገር ግን ወፎቹ በአንድ ዘመን በአንድነት ተተክለው እንደ ሆነ፣ ወይም በየንጉሡ ዘመን አንድ አንድ እየተጨመረ እንደ ሆነ የሚወስነው ሥራቸው ያረፈበት የአፈር ድርብርብ ነበር። ያም ሳይመዘገብ ተበትኗል።

መመለሳቸውም ረዥም ጊዜ ወሰደ። የአንድ ሌላ ወፍ የታችኛው ክፍል በአንድ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እጅ ገብቶ በ1907 ለበርሊን የሕዝቦች ጥናት ቤተ መዘክር ተሸጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ የሶቪየት ጦር ወደ ሌኒንግራድ ወሰደው፤ ኋላም ወደ ጀርመን ተመለሰ። በ1997 እና በ1998 በቤልጂግ በቴርቩረን በተደረገው የዚምባብዌ ትርኢት ከላይኛው ክፍሉ ጋር ተገናኘ፤ በ2003 ለባለቤቱ አገር ተሰጠ። በኬፕ ታውን ቤተ መዘክር የነበሩት ደግሞ ከነጻነት አንድ ዓመት በኋላ በ1981 ተመለሱ። ይህም የሆነው በልውውጥ ነው፤ ዚምባብዌ በፈንታው የንብ፣ የተርብና የጕንዳን ወገን የሆኑ ነፍሳት ስብስብ ለደቡብ አፍሪቃ ሰጠች። ሮድስ በ1902 ሲሞት ቤቱን ለወደፊት ጠቅላይ ሚኒስትሮች መኖሪያ ተናዞት ስለ ነበር፣ ከፖሰልት የገዛው ወፍ በዚያው ቀረ፤ የ1981 ልውውጥም አልነካውም።

ወፉ በ1924 በደቡብ ሮዴሺያ አርማ ላይ፣ በ1980 ደግሞ በነጻይቱ ዚምባብዌ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ተቀርጿል። ያው አንድ ቅርጽ መጀመሪያ የሠሪዎቹን ልጆች ባዕድ ያደረገ፣ ኋላም ርስታቸውን የመሰከረ ምልክት ሆነ። ይህ ሊሆን የቻለው ከስፍራው የተነቀለ ዕቃ የያዘው ሰው የሰጠውን ትርጕም ሁሉ ስለሚሸከም ነው። ድንጋዩን በመርከብ መመለስ ይቻላል፤ የቆመበትን ሥርዐት ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ስለዚህ ጥንታዊ ዕቃ የሚያጠና ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ ዕቃውን ማንሣት ሳይሆን የት፣ በምን ላይ፣ ከምን አጠገብና በማን ጥበቃ እንደ ቆመ መመዝገብ ነው።