ከጠመንጃ ያዥ እስከ ባሌ ደን፦ ለአጋዘን አደን የሚመረጥ መሣሪያና ጥይት

በአዲስ አበባ «ጠመንጃ ያዥ» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የሥራ ስም ነው። ጠመንጃ ያዥ የጌታውን መሣሪያ ተሸክሞ ከኋላ የሚከተል፣ በዘመቻም ሆነ በአደን ሲጠየቅ አጉርሶ የሚያቀብል ሰው ነበር። ያን ጊዜ በእጅ የሚገኘው ውጅግራ ወይም ስናድር ስለነበር ምርጫው ጠባብ ነበር። ዛሬ ግን ለአደን ተብሎ የሚሠራው የጠመንጃና የጥይት ዓይነት ብዙ ነው፤ ተገቢውን መለየትም ዕውቀት ይጠይቃል።

በቅድሚያ ስለ እንስሳው አንድ ነገር መጥራት አለበት። መዝገበ ቃላት የአውሮፓውንና የአሜሪካውን ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ እንስሳ «አጋዘን» እያሉ ይተረጉሙታል። ያ እንስሳ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና የሚያበቅል ሲሆን በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ አይገኝም። በአገራችን አጋዘን የሚባለው ጠምዛዛና ዕድሜ ልክ የማይወልቅ ቀንድ ያለው ሌላ ወገን ነው። ከእነዚህ መካከል የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ለሳይንስ የታወቀውም ዘግይቶ ነው፤ አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. አድኖ በወሰደው ናሙና መነሻነት ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 እ.ኤ.አ. ስም አወጣለት። ዛሬ ቁጥሩ በጥቂት ሺዎች የሚገመት ሲሆን ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል።

ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫ የሚጀምረው ከፈቃድ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሕጋዊው አደን የሚካሄደው እንደ ኦዶ ቡሉ፣ ሀንቶና ሙኔሳ ባሉ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ሲሆን የሚፈቀደውም በኮታ ነው። የሚታደነው ያረጀ ወንድ ብቻ ነው። መሣሪያ መያዝ ራሱ ደግሞ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። ዋልያን የመሰሉ እንስሳት በየትኛውም ጠመንጃ አይታደኑም።

የጥይቱ መጠን በእንስሳው ክብደት ይወሰናል። ወንድ የደጋ አጋዘን ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህም የደለበ በሬ አያህልም፣ ግን ከወይፈን አይተናነስም። የምኒልክ ድኩላ በአንጻሩ ከ80 ኪሎ ግራም እምብዛም አያልፍም። ለድኩላ እንደ .243 ዊንቸስተር ያለ፣ አረሩ 6.5 ግራም ገደማ የሚመዝንና ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,600 ጁል ያህል ኃይል ያለው ጥይት ይበቃል። ለደጋ አጋዘን ግን ይህ ያንሳል። ለእርሱ ተመራጩ ከ.30-06 ስፕሪንግፊልድ እስከ .300 ዊንቸስተር ማግነም ያለው ወገን ነው። የመጀመሪያው 11.7 ግራም አረር ይዞ ወደ 3,900 ጁል፣ ሁለተኛው ወደ 4,700 ጁል ይደርሳል። ከዚህ በላይ ያለው .375 ኤች ኤንድ ኤች ለጎሽና ለዝሆን የታሰበ ነው፤ አጋዘንን ይጥላል፣ ነገር ግን አስፈላጊ አይደለም።

ብዙ አዳኞች ኃይሉ በበዛ ቁጥር የተሻለ ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ኃይል ሲጨምር የሰደፉ ምት በትከሻ ላይ ይበረታል፤ ምቱን የፈራ ሰው ደግሞ ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙም ይናወጣል። በለመደው .30-06 ሳንባንና ልብን የሚያገኝ ሰው፣ በማግነም ሆድ ከሚመታው እጅግ ይሻላል። ሆዱን የተመታ አጋዘን ወዲያው አይወድቅም። በአስታና በአምጃ ቁጥቋጦ ውስጥ ኪሎ ሜትሮችን ሄዶ ሳይገኝ ሊሞት ይችላል። በጥቂት ሺህ ለሚቆጠር ዝርያ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

በገጠሩ እጅግ የተለመደው ክላሽንኮቭስ? ለአደን አይሆንም፤ ምክንያቱም ከሕጉ ባሻገር የመሣሪያው ጠባይ ነው። የ7.62×39 ጥይት አረር 8 ግራም አካባቢ ሲሆን ኃይሉ ወደ 2,000 ጁል ነው፤ ለድኩላ ከሚበቃው እንኳ ያነሰ። ከሁሉ የሚከፋው ግን የወታደራዊ አረር አሠራር ነው። ዙሪያው በብረት የተለበጠ በመሆኑ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ሳይፈካ ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ይሸሻል። በ1983 ዓ.ም በሥርዓት ለውጡ ትርምስ መሣሪያ በየሰው እጅ ሲበተን በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የነበረው የደጋ አጋዘን ክፉኛ ተጨፍጭፏል። የጋይሳይ ሜዳ መንጋዎች ለማገገም ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በአንድ ተኩስ ብዙ እርሳስ የሚረጨው ሾትገንም ለዚህ መጠን እንስሳ አይመከርም።

ለአደን የሚመረጠው አረር ጫፉ ለስላሳ የሆነና ሲመታ እንደ እንጉዳይ የሚፈካ ነው። መፍካቱ ጉዳቱን ያሰፋል፣ እንስሳው ቶሎ ይሞታል። ነገር ግን ከመጠን በላይ የሚሰባበር አረር የትከሻ አጥንት ላይ ተበታትኖ ይቀራል። ስለዚህ ለደጋ አጋዘን ልባሱና እርሳሱ የተጣበቁ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩ አረሮች ይመረጣሉ። መዳብ ሌላም ጥቅም አለው። የእርሳስ አረር በሥጋና በሆድ ዕቃ ውስጥ ደቃቅ ፍርፋሪ ይተዋል፤ ትራፊውን የሚበላ አሞራ ይመረዛል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በአፍሪካ የጺማም ጥንብ አንሳ ዋነኛ መኖሪያ እንደመሆኑ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ስለ ጫካ አደን የቆየ አንድ እምነት አለ፤ ከባድና ዘገምተኛ አረር ቅርንጫፍ እየጣሰ ያልፋል የሚል። ሙከራዎች ይህን አያረጋግጡም። ቀላልም ሆነ ከባድ፣ ፈጣንም ሆነ ዘገምተኛ፣ ማንኛውም አረር ጭራሮ ሲነካ አቅጣጫውን ይስታል። መፍትሔው ክፍተት እስኪገኝ መታገሥ እንጂ ሌላ ጥይት መግዛት አይደለም።

ጠመንጃው ራሱ መዝጊያው በእጅ የሚሳብ፣ አፈሙዙ ያልረዘመ ቢሆን ይመረጣል። በኮሶና በጽድ መካከል ረጅም አፈሙዝ ከቅርንጫፍ ጋር ይጋጫል። የማነጣጠሪያ መነጽሩም ከሁለት እጥፍ ገደማ ጀምሮ የሚያጎላ ይሁን፤ በጣም የሚያጎላ መነጽር በቅርብ ርቀት ዕይታን ያጠባል፣ በጭጋግም እንስሳውን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የባሌ ዝናብና ጉም ሲታሰብ የመነጽር ክዳን መያዝም አይረሳ።

በመጨረሻ ስለ ከፍታ። የደጋ አጋዘን በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ በ3,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ አረር በቆላ ከለመደው መንገድ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሲተኮስም እንዲሁ ከታለመው በላይ ይመታል። ልዩነቱ በመቶ ሜትር ላይ ኢምንት ሲሆን ከሸለቆ ማዶ 250 ሜትር ላይ ግን ይታወቃል። በአውሮፕላን መጥቶ ከቦሌ እስከ ባሌ በመኪና የተንገላታ መነጽር ደግሞ ከቦታው ሊነቃነቅ ይችላል። ስለዚህ በሰፈሩ ካምፕ፣ ለአደን በሚያዘው በዚያው ጥይት፣ በ100 ሜትር ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ወረቀት ዒላማ ተተኩሶ ይስተካከላል። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ጥይት ክብደቱ እኩል ቢሆን እንኳ ሌላ ቦታ ሊመታ ስለሚችል፣ ጥይት ከተቀየረ ሙከራው እንደገና ይደረጋል።