የካርቲየ 3 ቆርቆሮ፤ ለዝናብ የተሠራ ክዳን በፀሐይ አገር

ጅቡቲ ከተማ በዓመት በአማካይ የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ ደግሞ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ሆኖም ከካርቲየ 3 ጠባብ መንገዶች በአንዱ ቆሞ ቀና ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው ክዳን በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ከለመደው እምብዛም አይለይም። ያው ቆርቆሮ፣ ያው ሞገድ፣ ያው ዝገት ነው። ለዝናብ ተብሎ የተፈለሰፈ ክዳን ዝናብ እንግዳ፣ ፀሐይ ግን ባለቤት በሆነችበት ከተማ እንዴት ሊነግሥ ቻለ? ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ መልሱ የከተማይቱን የመሬት ሥሪት፣ የምድር ባቡሩን ታሪክና ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሕንፃ ኃይል ቁጠባ ደንብ የሚባለውን ጉዳይ ሁሉ ይነካካል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቆርቆሮ ከመምጣቱ በፊት የአገሬው ሰው ያለ ክዳን አልኖረም። አፋሮች ዳቦይታ፣ ሶማሌዎች አቀል የሚሉት ቤት ከጎበጡ እንጨቶችና በእጅ ከተሠራ ሰሌን የሚዋቀር፣ ጉዞ ሲመጣ ተነቅሎ በግመል የሚጫን ጎጆ ነው። ሰሌኑ ፀሐይን ይከላከላል፤ ነፋስን ግን አይከለክልም። ቀን የጠጣውን ሙቀት ለሌሊት አያስቀምጥም። ይህን ጎጆ የሠሩ ሰዎች የሙቀት መለኪያ በእጃቸው አልነበረም፤ ይሁንና ከእነርሱ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች በብዙ ድካም የደረሱበትን ሁለት ነገር፣ ጥላንና የነፋስ መተላለፊያን፣ በአንድ ምንጣፍ አስተባብረውት ነበር።

ፈረንሳዮች ከኦቦክ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ የመጡት ሌዎንስ ላጋርድ ገዥ በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1888 ነው። (ከተማ «ተቆረቆረ» የሚለው ግስ ከቆርቆሮ ጋር በድምፅ መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ ስለ ጅቡቲ ሲነገር ግን ሆነ ተብሎ የተባለ ይመስላል።) ከመነሻዋም ሁለት ከተማ ነበረች። ከፍ ባለው ሥፍራ ለሹማምንትና ለትላልቅ ነጋዴዎች ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይና በኖራ የተገነቡ፣ ግድግዳቸው የወፈረ፣ ቅስት ያላቸው በረንዳዎች የከበቧቸው ቤቶች ተሠሩ። በጥንቱ የምኒልክ አደባባይ፣ ዛሬ የ27 ጁን 1977 አደባባይ በሚባለው ዙሪያ የዚህ ዓይነቱ አሠራር ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። ዝቅ ባለው መሬት ላይ ደግሞ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው በቁጥር ብቻ የተጠሩት ሰፈሮች ተዘረጉ። ካርቲየ 3 ከእነርሱ አንዱ ነው።

በእነዚህ የቁጥር ሰፈሮች መሬት ይያዝ የነበረው በጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ ነው። ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ድንጋይ አይክብም። ነገ ተነሣ ቢባል ነቅሎ የሚሄደውን ጣውላ ይመታል፤ በላዩም ነቅሎ የሚሄደውን ቆርቆሮ ይቸነክራል። ስለዚህ የካርቲየ 3 ክዳን የተመረጠው የአየሩ ጠባይ ታይቶ ነው ማለት አይቻልም። የወረቀቱ ጠባይ ታይቶ ነው ማለቱ ይቀርባል። ስለ ጅቡቲ አሠራር ሲወሳ ድህነትን ብቻ ምክንያት ማድረግ የተለመደ ነው፤ ዳሩ ግን አቅም ያለውም ሰው ቢሆን በማይተማመንበት መሬት ላይ የሚሠራው ቤት በማይተማመን እጅ የተሠራ ይሆናል።

ቆርቆሮው ራሱ የመርከብ ልጅ ነው። በ1829 ለንደን ውስጥ የወደብ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ስስ ብረትን በሞገድ ቅርጽ አጥፎ ማጠንከር እንደሚቻል አሳይቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረቱን በዚንክ ለብጦ ከዝገት የመጠበቂያውን ዘዴ አስመዘገበ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ቀላል፣ ተደራርቦ የሚታሰር፣ በመርከብ ሆድ ውስጥ ብዙ ቦታ የማይወስድ፣ ግንበኛም የማይሻ ክዳን ተገኘ። ቅኝ ገዥዎችና ወርቅ ፈላጊዎች በደረሱበት ሁሉ ቆርቆሮ አብሮ ደረሰ።

የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከባቡሩ በፊት በግመልና በበቅሎ ጀርባ መጓዝ የነበረበት ረጅም የብረት ሰሌዳ አሁን በፉርጎ ተጭኖ ደጋ ይወጣ ጀመር። በአዲስ አበባ የሣር ክዳን ለቆርቆሮ ቦታውን እየለቀቀ የሄደው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ሲሆን፣ ምክንያቱም አጥጋቢ ነበር። ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ሣሩ ይበሰብሳል፤ እሳትም ይፈራል። በደጋ ላይ ቆርቆሮ ሥራውን ያውቃል። በወደቡ የቀረው ቆርቆሮ ግን ሥራው ሌላ ነበር፤ ከፀሐይ ጋር መግጠም፣ ያውም ባዶ እጁን።

ስለ ግጥሚያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አንድ ክዳን በፀሐይ ፊት የሚኖረውን ጠባይ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከሚያርፍበት የፀሐይ ጨረር ምን ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከጠጣው ሙቀት ምን ያህሉን ወደ ሰማይ መልሶ ይለቃል የሚለው ነው። አዲስ በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ በመጀመሪያው ፈተና አይወድቅም፤ ከመቶ 60 ያህሉን ጨረር ሊመልስ ይችላል። ዓይን የሚያጭበረብረው ብልጭታውም ይህንኑ ይመሰክራል። ችግሩ ሁለተኛው ፈተና ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት የጠጣውን ሙቀት አጥብቆ ይይዛል፤ ወደ ውጭ የሚለቀው እጅግ ጥቂት ነው። ኖራ ወይም ነጭ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ግን ከመቶ 80 ያህሉን ያንጸባርቅና የቀረውንም ያለ ስስት ይለቃል። ስለዚህ ሁለቱ በዓይን ሲታዩ እኩል ቢያበሩም በእጅ ሲነኩ አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው አያቃጥልም።

በዚህ ላይ ባሕር አለ። ጨው ያዘለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አየር ዚንኩን በልቶ ብረቱን ያጋልጠዋል። የዛገ ቆርቆሮ የነበረውን ነጸብራቅ ያጣል፤ በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጋሉም የተለመደ ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በበጋ ወራት የሚሰማው ሙቀት የአየሩ 40 ዲግሪ ብቻ አይደለም። ከራሱ በላይ የተንጠለጠለ ምድጃም አለ። ማራገቢያው ቢሽከረከር አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ከብረቱ የሚወርደውን ጨረር አያስቆምም። በጅቡቲ መሥሪያ ቤትና ሱቅ ቀትር ላይ መዘጋቱን በስንፍና የሚተረጉም መንገደኛ ካለ አንድ የሰኔ ከሰዓት በቆርቆሮ ሥር ማሳለፍ ይበቃዋል።

ስለ ቆርቆሮ እውነቱን ሁሉ ለመናገር ግን በጎ ጎኑም መነሣት አለበት። ስስ ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይበርዳል። በላዩ የኮንክሪት ጣሪያ የተደፋበት የብሎኬት ቤት ግን፣ ሙቀት የሚከላከል ነገር ካልተደረገበት፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ የዋለውን ሙቀት እኩለ ሌሊት ላይ ለተኙት ያወርድላቸዋል። በቁጥር ሰፈሮች ግቢ ውስጥ፣ በበር ላይና በሰገነት አልጋ አውጥቶ የማደር ልማድ ከሁለቱም ዓይነት ክዳን የተወለደ ነው። ጣውላውና ቆርቆሮው እየፈረሰ ብሎኬት ሲተካ ሁልጊዜ እንደ መሻሻል ይቆጠራል። ከእሳትና ከሌባ አንጻር እርግጥ ነው። ከወበቅ አንጻር ግን ኤር ኮንዲሽነር መግዛት የማይችል ቤተሰብ ያተረፈው ነገር መኖሩ ያጠራጥራል።

ሕግ በዚህ ነገር ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው፤ የገባውም ከብርድ አገር በኩል ነው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲያሻቅብ የኢንዱስትሪ አገሮች ሕንፃዎቻቸው ምን ያህል ኃይል እንደሚያባክኑ መቁጠር ጀመሩ። ፈረንሳይ በ1974 የመጀመሪያውን የሙቀት ደንቧን አወጣች። በአሜሪካ አሽሬ በሚለው ምህጻር የሚታወቀው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር በ1975 የመጀመሪያውን የሕንፃ ኃይል ደረጃ አሳተመ፤ ካሊፎርኒያም በ1978 የራሷን ደንብ ተከለች። በ1974 ጅቡቲ ገና በፈረንሳይ አስተዳደር ሥር ነበረች። የፓሪስ ደንብ ግን የታሰበው ለማሞቂያ ነዳጅ ነበርና ለጅቡቲ የሚለው ነገር አልነበረውም። ፈረንሳይ በሞቃት አየር ሥር ላሉት ግዛቶቿ፣ ለሬዩኒየን፣ ለጓድሉፕ፣ ለማርቲኒክና ለጉያና፣ የተለየ ደንብ ያወጣችው በ2009 ነው። ይኸኛው ደንብ ስለ ጣሪያ ሲናገር ጥላንና የነፋስን መተላለፊያ ያስቀድማል፤ ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል ከመቶ 3 እጅ በላይ ወደ ቤት እንዳያስገባ ይጠይቃል። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በዚያን ጊዜ 32 ዓመት ሆኗታል። ለሬዩኒየን የተጻፈው ለካርቲየ 3 ይስማማ እንደነበር ግን ማንም ሊገነዘበው ይችላል።

ደንብ ያለ ፈተና ባዶ ወረቀት ስለሆነ የጣሪያን ጠባይ የሚለኩ ዘዴዎች ከደንቡ ጋር ተያይዘው አደጉ። በ1998 በአሜሪካ የጣሪያ ዕቃዎችን ነጸብራቅና ሙቀት የመልቀቅ ችሎታ እያስለካ የሚመዘግብ ምክር ቤት ተቋቋመ። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ የሚያጣምረው መለኪያ በመደበኛው ጥቁር ጣሪያ 0፣ በመደበኛው ነጭ ጣሪያ 100 ብሎ ይቆጥራል። ከሁሉ ይልቅ ብልህ የሆነው ሥራቸው ግን ዕቃው አዲስ ሳለ ብቻ አለመለካታቸው ነው። ናሙናው በፍሎሪዳ ወበቅ፣ በአሪዞና በረሃና በኦሃዮ ብርድ ሦስት ዓመት ተሰጥቶ ከርሞ እንደገና ይለካል፤ ነጭ የነበረው አቧራ ለብሶ ምን ያህል እንደቀረው ይታያል። ከሦስቱ አንዱም የካምሲንን አቧራና የባሕረ ሰላጤውን ጨው በአንድነት የሚያውቅ አይደለም። በሌላ አገር ፀሐይ 100 ያገኘ ቀለም በጅቡቲ ሦስት ክረምትና በጋ ቢከርም ስንት ያገኝ እንደነበር የሚነግር ያው እዚሁ የተሰጣ ናሙና ብቻ ነው።

በጅቡቲ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተረስቶ አልቀረም። በ1980ዎቹ ኢዜርስት ይባል የነበረው የአገሪቱ የሳይንስና የቴክኒክ ጥናት ተቋም፣ በ2002 ሴርድ ተብሎ የተሰየመው፣ በአሜሪካ ድጋፍ በኃይል ምንጭና በኃይል ቁጠባ ጉዳይ ሠርቶ ነበር። ያን ጊዜ የከተማይቱ መብራት በሙሉ ከውጭ በመጣ ነዳጅ በቡላኦስ ማመንጫ የሚገኝ ስለነበር እያንዳንዱ ኤር ኮንዲሽነር ዘይት ይጠጣ ነበር ማለት ይቻላል። በ2011 ከኢትዮጵያ በድሬዳዋ በኩል የተዘረጋው መስመር ሥራ ሲጀምር ሁኔታው ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ከፍተኛውን ድርሻ የሚያመነጩት የደጋው ወንዞች ናቸው፤ በ2023 ደግሞ በጉቤት የ60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ተጨመረ። ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ዝናብ በማያውቀው ቆርቆሮ ሥር የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ያዞራል።

በኢትዮጵያም ቢሆን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የወጣው በ2009 ሲሆን፣ ዋና ጭንቀቱ የሕንፃው ጥንካሬና የሰው ደህንነት ነው። በሁለቱም አገሮች ገበያ ቆርቆሮ ገዢ ሻጩን የሚጠይቀው ጌጁን ነው፤ 30 ነው ወይስ 32? ጌጅ ውፍረቱን ይናገራል፤ ዕድሜውንም ያስገምታል። ከሥሩ ስለሚቀመጠው ሰው ግን ምንም አይናገርም። ነጸብራቁ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ገዢ የለም፤ ቢጠይቅም ሻጩ መልስ የለውም፤ በዕቃው ላይ አልተጻፈምና። ደግሞም ደንብ የሚይዘው የግንባታ ፈቃድ የሚያወጣውን ነው። የባንክና የሆቴል ሕንፃ የሚሠራ ሰው ፕላን ያቀርባል፤ ፕላን ያቀረበን ሰው መመርመር ይቻላል። በካርቲየ 3 ከጎረቤት የተገዛ አሮጌ ቆርቆሮ በአሮጌ ጣውላ ላይ የሚመታ ሰው ፕላን የለውም። ሙቀቱ ግን ከሁሉም በላይ የሚያገኘው እርሱን ነው።

መፍትሔ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ነጭ ቀለም ርካሽና እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ በዛገ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱ ካልተፋቀ ተላጦ ይወድቃል። የተያዘለትም ቢሆን ካምሲን ባለፈ ቁጥር ቡናማ ይሆናል፤ ነጸብራቁ እንዲመለስ መታጠብ አለበት። የሚታጠብበት ውኃ ደግሞ በጅቡቲ ውድ ነው፤ ከፊሉ ከኢትዮጵያ ምድር፣ ከሐዳጋላ ጉድጓዶች፣ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ኮርኒስ መምታት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ለነፋስ መውጫ መተው፣ ከላይ ሁለተኛ ጥላ ማንጠልጠል ሳይታጠቡ የሚሠሩ ዘዴዎች ናቸው። ከእነዚህ የመጨረሻውን የካርቲየ 3 ሰዎች ማንም ሳያስተምራቸው ይሠሩበታል። ከቆርቆሮው በላይ ወይም ከበሩ ፊት የሚዘረጉት ነገር አንዳንዴ ሸራ፣ አንዳንዴ ጆንያ ነው፤ አንዳንዴም ያው የጥንቱ ሰሌን ነው።